«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

የቀድሞ የፊዚክስ መምህሬ ሰላ ድንጋይ ይኖራሉ። ባለፈው የገና ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ ቡናው ገና ሳይቀርብ ላፕቶፓቸውን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። «በል እስቲ፣ ኢንጂነር ሆኗል ይሉሃል። ይሄ ነገር ሞቷል መሰለኝ» አሉኝ። ከፈትኩት። ዴስክቶፑ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ደርሶ ነበር። አንድ የዎርድ ፋይል ተጫንኩ፤ ሰማያዊዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከስሩ ሃርድ ዲስኩ እንደ ወፍጮ ይንኮሻኮሻል።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ትልቅ የሲስተም አፕዴት በኋላ ነው አሉ። ቀደም ብለው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። ባለሙያው ሁለት ደቂቃ አይቶ «ሲስተሙ ከብዶታል፣ ፎርማት ይደረግ» አላቸው። «ፋይሎቼስ?» ሲሉት «ክላውድ ላይ አሉ አይደል እንዴ፣ ተመልሰው ይወርዳሉ» ብሎ መለሰላቸው። መምህሬ ያን ቀን እሺ ያላሉት ነገሩ ስላጠራጠራቸው አይደለም። በዓል ስለደረሰና ገንዘቡ ለበግ ስለተፈለገ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «ክላውድ ላይ አሉ አይደል» ስለሚለው አባባል ነው። አባባሉ ስህተት ነበር። ግን ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አይበቃም። እንዲህ እንዲያስብ ያደረገው የሶፍትዌሩ ዲዛይን ራሱ ነው፤ የዛሬው ትችቴም በዋናነት ወደዚያ ነው የሚሄደው።

እስቲ መጀመሪያ ላፕቶፑ ለምን እንደሚንፏቀቅ እንመልከት።

ደመና የምንለው የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ሲንክ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በእናንተ ዲስክና በዚያ ሩቅ ኮምፒውተር መካከል የተቀመጠ መዝጋቢ ጸሐፊ ነው። ይህ ጸሐፊ መዝገብ አለው፤ የትኛው ፋይል መቼ ተቀየረ፣ መጠኑ ስንት ነው፣ የቱ ተልኳል፣ የቱ ቀርቷል እያለ ይይዛል። በደህናው ቀን አዲስ የተቀየረውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሥራው ቀላል ነው፣ መኖሩንም አታውቁትም። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሲንክ ፕሮግራሙ ራሱ በአዲስ ሊተካ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ያለው እምነት ይቀንስና ፎልደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና መቁጠር ይጀምራል። ችግሩ በዚያው ሰዓት ሌሎችም መነሳታቸው ነው። ፀረ ቫይረሱ የታደሰውን ሲስተም ሊፈትሽ ይነሳል። የፍለጋ ማውጫ የሚሠራው ክፍል ማውጫውን ሊያድስ ይነሳል። ከጀርባ የቀሩ የአፕዴቱ ሥራዎችም ገና አላለቁም። አንዱ ጸሐፊ አንድ ፋይል ሲከፍት ፀረ ቫይረሱ «ቆይ እኔም ልየው» ይላል፤ አንድ ፋይል ሁለቴና ሦስቴ ይነበባል ማለት ነው።

ይህ በኤስኤስዲ ላይ ያን ያህል አይሰማም። በአሮጌው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ጉዳዩ የፊዚክስ ነው። መምህሬ ፊት ወረቀት አውጥቼ ያሰላሁት ይኸው። ብዙ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በሰከንድ 90 ማለት ነው። አንድ ዙር ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የምትፈልጉት መረጃ በአማካይ ግማሽ ዙር ይርቃል፣ ስለዚህ 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ጥበቃ አለ። የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ጨምሩ። በድምሩ 17 ወይም 18። እንግዲህ ይህ ዲስክ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ከ60 ምልልስ አያልፍም። የኤስኤስዲው ቁጥር በሺዎች ነው።

መምህሬ ፎልደር ውስጥ 38 ሺህ ያህል ፋይሎች ነበሩ። የፈተና ወረቀቶች፣ የተማሪ ውጤት፣ በስልክ የተነሱ የመልስ ወረቀቶች፣ ከዓመታት በፊት የተቀዱ የትምህርት ማስታወሻዎች። ለእያንዳንዱ ፋይል አራት ምልልስ እንኳ ብንሰጥ 152 ሺህ ምልልስ ነው፤ በ57 ስናካፍለው 44 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ለጸሐፊው ብቻ ነው። ፀረ ቫይረሱና ማውጫ ሠሪው ሲጨመሩ ከሁለት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ እናንተ አንድ የዎርድ ፋይል ለመክፈት ወረፋ ትይዛላችሁ። «ሲስተሙ ከብዶታል» የተባለው ይሄ ነው። ሲስተሙ አልከበደም፤ ዲስኩ ነው ወረፋ የበዛበት።

ሁለት ሰዓት ታግሶ ማለፍ ይቻላል ትሉ ይሆናል። እኔም አልኩ። መምህሬ ግን ሳቁ። «ባትሪው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉኝ። ላፕቶፑ የሚሠራው መብራት ሲኖር ብቻ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ቆጠራውን በየመሃሉ ስለሚመዘግብ ከቆመበት ይቀጥላል። መዝገቡ በመጻፍ ላይ እያለ ከተቆረጠ ግን ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ጸሐፊው ከአንድ ይጀምራል። የ44 ደቂቃ ሥራ መብራት በየግማሽ ሰዓቱ ቢሄድበት፣ ከአንድ ለሚጀምር ፕሮግራም አንድ ዓመትም አይበቃው። የመምህሬ ላፕቶፕ «ሁልጊዜ» ቀርፋፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በኤሌክትሪክ ረገድ የሰላ ድንጋይ ሰው ሌላ ቦታ ካለው ብዙም አይለይም፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁም የምታውቁት ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፎርማት ከማለታችን በፊት በስልኬ ዳታ ገብተን የደመናውን አካውንት በብራውዘር ከፈትነው። የቱ ድርጅት እንደሆነ መጥራት አያስፈልግም፤ ዲዛይኑ በብዙዎቹ ተመሳሳይ ነው። እዚያ ያለው የመጨረሻ ፋይል የተጫነው ከሰባት ወር በፊት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ከስድስት ሺህ በላይ ፋይሎች አሉ። የሁለት ሴሚስተር ውጤት በሙሉ። አንዳቸውም አልተላኩም። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይጠፋ ነበር፤ ያውም ተከፍሎበት።

መምህሬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» ብለው ጠየቁ። ሰውዬውን ማለታቸው መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ላፕቶፑን ነው።

ጥያቄው ትክክል ነው። ነግሯቸው ነበር እኮ፤ ግን በምን ቋንቋ? በስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ በምትል ደመና ላይ ሁለት ቀስቶች ይዞራሉ። ይህ ምልክት «እየላክሁ ነው» ማለትም ይሆናል፣ «ለሰባት ወር እየሞከርኩ አልቻልኩም» ማለትም ይሆናል። ለሁለቱም አንድ ሥዕል! በኢንጂነሪንግ ትምህርት ስለ መለኪያ ዳሽቦርድ ስንማር የመጀመሪያው ሕግ መደበኛውን ሁኔታና አደጋውን በአንድ መብራት አታሳይ የሚል ነው። የመኪና የሞተር ዘይት መብራት ዘይቱ ሲሞላም ሲያልቅም እኩል ብትበራ ማን ያምናታል? «6,212 ፋይሎችህ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያሉት፤ የመጨረሻው የተላከው ግንቦት ላይ ነው» የሚል አንድ አረፍተ ነገር በትልቁ ለመጻፍ ምንም አዲስ ሳይንስ አይጠይቅም። መዝገቡ ውስጥ አለ። አይነገርም እንጂ።

ለፍትሕ ያህል ቴክኖሎጂው ራሱ ድንቅ ነው። እኔም የማስተርስ ዳታዬን ያተረፍኩት በእሱ ነው፤ ፍላሼን ሾርትከት ቫይረስ በልቶት ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማከራስ የተባሉ ሁለት ሰዎች አርሲንክ የተባለ ፕሮግራም አወጡ። ሐሳቡ ፋይሉን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር አሻራ መስጠት፣ አሻራዎቹን ማወዳደርና የተለየውን ቁራጭ ብቻ መላክ ነው። ባለ 200 ገጽ ቴሲስ ላይ አንድ አንቀጽ ብትቀይሩ ሙሉው ፋይል እንደገና እንዳይሄድ የሚያደርገው ዘመናዊው ሲንክ የዚህ ሐሳብ ዘመድ ነው። ውድ ኢንተርኔት ላለበት አገር ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ጥበብ በላይ በተለጠፈው ግምት ላይ ነው። ግምቱ መብራት አይጠፋም፣ ኔትወርክ አይቆረጥም፣ ዳታ በጊጋባይት አይገዛም የሚል ነው።

ግምቱ ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ ከራሴ ታሪክ ውጭ የታወቀ ምሳሌ አለ። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት 1809 የተባለውን የዊንዶውስ 10 አፕዴት አወጣ፤ በቀናት ውስጥ ግን አቆመው። ምክንያቱ አንዳንድ ሰዎች ከአፕዴቱ በኋላ የዶክመንትና የሥዕል ፎልደሮቻቸውን ባዶ ማግኘታቸው ነበር። ድርጅቱ በኋላ እንዳብራራው፣ ዶክመንት የሚባለው ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ሲዘዋወር በቀድሞው ቦታ ባዶ ቅጂ እየቀረ ተጠቃሚዎችን ያስቸግር ነበር። እነዚህን ትርፍ ፎልደሮች የሚያጠፋ ኮድ ተጨመረ። ኮዱ ግን አንዳንዶቹ የድሮ ፎልደሮች ባዶ እንዳልሆኑ አላጣራም። ከተጎዱት መካከል የዋንድራይቭ ሲንክ ፎልደራቸውን ሲያዛውር የድሮዎቹን ፋይሎች ያላዛወረላቸው ሰዎች ይገኙበታል። አፕዴቱ ተስተካክሎ እንደገና የወጣው በኅዳር ወር ነው።

በዚህ ታሪክ የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። ድርጅቱ የፋይል መጥፋት ሪፖርት ያደረጉት ከጫኑት መካከል ከመቶ አንድ መቶኛ፣ ማለትም ከ10,000 አንድ ያህሉ ናቸው ብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አልክድም። ግን ከመውጣቱ በፊት ችግሩን አስቀድመው የጠቆሙ ሞካሪዎች ነበሩ፤ ብዙ ሰው ስላልደገፋቸው ጥቆማቸው ከክምሩ ሥር ቀረ። በኋላ ጥቆማ ሲሰጥ የጉዳቱን ክብደት የሚገልጽ ቦታ ተጨመረ። ትምህርቱ ለኛ ግልጽ ነው፤ በድምፅ ብዛት ቅድሚያ በሚሰጥ አሠራር ውስጥ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕና በየሰዓቱ የሚጠፋ መብራት ያለው ተጠቃሚ ሁልጊዜም ከ10,000 አንዱ ነው።

ሌላም አለ። የዛሬ ሲንክ ፕሮግራሞች የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ፋይሉን ደመና ላይ ትተው ላፕቶፑ ላይ ስሙን ብቻ ያስቀምጣሉ። ስትጫኑት ይወርዳል። ባለ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለያዘ ሰው ጥሩ መላ ነው። ግን ስሙን አይቶ ፋይሉ ያለ ይመስለዋል፤ ጥላውን አይቶ ሰውዬው ቤት ነው እንደማለት። እኛ አገር ኢንተርኔት በሙሉ ለሳምንታት ሲጠፋ አይተናል። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ የሆነውን የማያስታውስ የለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚጠቀም ሰው፣ ስሙ ብቻ የቀረ ቴሲስ በዚያ ጊዜ የተቆለፈ ሣጥን ነው። በተቃራኒው የተቋረጠው ሲመለስ ደግሞ የወራት ክምችት በአንድ ጊዜ ሊወጣና ሊገባ ይጋፋል። መምህሬ 14 ጊጋባይት አላቸው፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቆረጥ 31 ሰዓት ይፈጃል። ሳይቆረጥ ነው ያልኩት።

የድርጅቶቹ የእርዳታ ገጾችስ ምን ይላሉ? ከአካውንቱ ውጣና ግባ፣ ሪሴት አድርግ፣ አጥፍተህ ጫን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስታደርጉ ጸሐፊው መዝገቡን ቀድዶ ሁሉንም ከአንድ ይቆጥራል። ኤስኤስዲና ገደብ የሌለው ዋይፋይ ላለው ሰው የአሥር ደቂቃ ነገር ነው። ለመምህሬ ግን በሽታውን እንደገና ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው፤ ዳታውም በብራቸው ነው የሚገዛው። ጥገና ቤቶቻችን ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን እንደ ፀበል ለሁሉም በሽታ ይሰጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ ፎርማት በሁለት ሰዓት ያልቃል፣ ውጤቱ ይታያል፣ ደንበኛው ይከፍላል። የወረፋውን ምክንያት ፈልጎ ለማግኘት የሚከፍል የለም። ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሊያስቀድሙ ይገባል፦ የመጨረሻው ፋይል ደመናው ላይ መቼ ደረሰ?

እናንተም ላፕቶፓችሁ ከአፕዴት በኋላ ከተንፏቀቀ ከዚሁ ጥያቄ ጀምሩ። አካውንታችሁን በስልካችሁ ብራውዘር ክፈቱና ትናንት የሠራችሁት ፋይል እዚያ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት አትመኑ አልልም፤ ብቻውን አትመኑት። ከሌለ፣ ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አዲሶቹን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ንጹሕ ፍላሽ ቅዱ። ቀርፋፋ ላፕቶፕ መጠበቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ነው ምርመራው። ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የዲስኩን ዓምድ ተመልከቱ። 100 በመቶ ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ 10 እና 15 ላይ ከሆነ የገለጽኩት ወረፋ ነው። ሲንኩን ለጥቂት ሰዓት ፖዝ አድርጉት፤ ዋንድራይቭ ላይ ለምሳሌ የ2፣ የ8 እና የ24 ሰዓት ምርጫ አለ። ዲስኩ ከተነፈሰ ጥፋተኛው ታወቀ። ካልተነፈሰ ሲንኩን በከንቱ ጠርጥራችኋል፤ ፀረ ቫይረሱን ወይም ያላለቀውን አፕዴት ተመልከቱ፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆንም ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ በአንድ ዋንድራይቭ ውስጥ ከ300,000 ፋይል በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው ጣር የሚጀምረው። ድኅረ ምረቃ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ የፓይተን ፓኬጅ ፎልደርና ሲሙሌሽናችሁ በየሰከንዱ የሚተፋቸውን ፋይሎች ሲንክ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። ይህን የምለው ሁለት ሳምንት ማትላብን ስረግም ከቆየሁ በኋላ ስለሆነ ልምድ ብላችሁ ውሰዱት።

ስለ ዳታ አንድ ነገር። በስልክ ሆትስፖት ስትገቡ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ዋይፋይ ነው የሚያየው፤ ጥቅላችሁን በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል። በኔትወርኩ ሴቲንግ ውስጥ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን በእጃችሁ ምረጡ፤ አፕዴቱም ሲንኩም ያኔ ቁጥብ ይሆናሉ። ግን ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ሲንኩ ቆሟል ማለት ነው፤ መምህሬ ጋ የሆነውም በከፊል ይሄው ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ሰው ደግነት አስቦ አብርቶላቸው ነበር።

ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ስድስቱን ሺህ ፋይሎች ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ስንቀዳ ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶብናል። በሦስተኛው አለቀ። ከዚያ የድሮዎቹን 30 ሺህ ገደማ ፋይሎች በዓመት በዓመት ጠቅልለን ወደ ጥቂት የዚፕ ፋይሎች ለወጥናቸውና ከሲንክ ፎልደሩ አወጣናቸው። ጸሐፊው የሚቆጥረው ወደ ስምንት ሺህ ወረደ። ዴስክቶፑ አሁን ቡና ሳይፈላ ይከፈታል። ኤስኤስዲ ቢገባለትና ባትሪው ቢቀየር ደግሞ ይበልጥ ይሻለዋል፤ ዋጋውን ነግሬያቸው «እስቲ ከፋሲካ በኋላ» ብለዋል።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ማታ ማታ መብራት ሲኖር ለሁለት ሰዓት ብቻ ሲንኩን ይከፍቱታል፣ ከዚያ ፖዝ። በየቀኑ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በእስክርቢቶ። «1,140 ቀርቷል» አሉኝ።